ነፋሱ ዓሣውን ሲያቀርብ፦ በሚሺጋን ሐይቅ በካያክ ትራውትና ሳልሞን ስለማስገር የተደረገ ምልልስ

በአሜሪካና በካናዳ ድንበር አካባቢ ከሚገኙት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች መካከል ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ግዛት ውስጥ የሚገኘው ሚሺጋን ሐይቅ ብቻ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 490 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በሰፊው ቦታ 190 ኪሎ ሜትር የሚሰፋና በጥልቁ ቦታ 281 ሜትር የሚጠልቅ በመሆኑ፣ ዳርቻው ላይ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ከባሕር የሚለየው ጨው የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ካያክ በተባለ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚይዝና አራት ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠባብ ጀልባ ተቀምጦ ትራውትና ሳልሞን ማስገር ብዙ ሰዎችን የሳበ ሥራ ሆኗል። የሚከተለው ምልልስ የሐይቆችን ጠባይ በሚያስተምሩ መምህርና ጣና ዳር ባደገ ተማሪ መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ በመንጠቆ ዓይነት ላይ ብዙ ሳይቆይ፣ ዓሣው ለትንሽ ጀልባ መቼና ለምን እንደሚቀርብ ይመረምራል።

ተማሪ፦ መምህር፣ ነገሩን ከስሙ መጀመር ሳይሻል አይቀርም። ካያክ ከየት መጣ፤ ከታንኳስ በምን ይለያል?

መምህር፦ ቃሉም ዕቃውም የኢኑይት ሕዝብ ነው። ኢኑይት በሰሜን አሜሪካና በግሪንላንድ የአርክቲክ ዳርቻዎች የሚኖሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ማዕበል ተፍቶ ባመጣው እንጨት ወይም በዓሣ ነባሪ አጥንት በተዋቀረ ማገር ላይ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው እየሰፉ፣ ከአዳኙ ወገብ መግቢያ በቀር ክፍተት የሌለው ቀጭን ጀልባ ይሠሩ ነበር። የዚያ ካያክ ጥበብ ውኃን ጨርሶ ማገድ ነው። ዛሬ በሚሺጋን ሐይቅ ዓሣ የሚሰገርበት ካያክ ግን በአብዛኛው የተለየ ነው፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው በውስጡ ሳይሆን በላዩ ነው፤ አካሉ ውስጡ ክፍት ሆኖ አየር ከታሸገበት ፕላስቲክ ይሠራል፤ በመቀመጫው ወለል ላይም ከላይ እስከ ታች የሚዘልቁ ቀዳዳዎች ስላሉት ማዕበል የጣለበት ውኃ በእነዚያ ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወርዳል።

ተማሪ፦ እንግዲያስ ከአርክቲኩ ካያክ ይልቅ ለጣና ታንኳ ይቀርባል ማለት ነው። ታንኳ ከደንገል እስር ሲሠራ ውኃው በእስሩ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚንሳፈፈው ውኃ ስለታገደበት ሳይሆን ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው።

መምህር፦ ንጽጽሩ ትክክል ነው፤ ልዩነቱም እዚያው ላይ ይገኛል። ደንገል ውሎ ሲያድር ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለታንኳው ከሥራ በኋላ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ክብደቱን በእጁ ስለሚያውቀውም ታንኳው ያረጀበትን ቀን አይስተውም። ፕላስቲኩ ግን ውኃ አይጠጣም፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ በኩል ቢሰነጠቅ ውኃው ወደ ታሸገው ሆዱ የሚገባው ቀዛፊው ሳያየው ነው፤ ጀልባው ሲዘገይና በማዕበል ላይ ሲንገዳገድ ብቻ ነገሩ ይገለጻል። ጠንቃቃ ቀዛፊ ካያኩን ወደ ውኃ ከማውረዱ በፊት ገልብጦ ሥሩን በመዳፉ የሚዳስሰው ስለዚህ ነው።

ተማሪ፦ ትራውትና ሳልሞን የሚባሉትስ? አንዳንድ ጊዜ አንዱ ዓሣ በሁለቱም ስም ሲጠራ ይሰማል።

መምህር፦ ሁለቱም ሳልሞኒዴ የተባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ስሞቹን ያወጣው ሳይንስ ሳይሆን የየአገሩ አስጋሪ ስለሆነ ድንበራቸው አይጠራም። ቀስተ ደመና ትራውት ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓ ትራውት ጋር በአንድ ወገን ተመድቦ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ፓስፊክ ሳልሞኖች ወገን ተዛውሯል፤ በወንዝ ተወልዶ በሐይቁ የሚያድገውን አስጋሪዎች ስቲልሄድ ይሉታል። ቡናማው ትራውት ከአውሮፓ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1884 ወደ ሚሺጋን ሐይቅ በሚፈሰው በፔር ማርኬት ወንዝ ሥርዓት ተለቀቀ። ኮሆና ቺኑክ የተባሉት ሳልሞኖች ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ሐይቁ ጥንት የራሱ ያደረገው ሌክ ትራውትን ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች የሚገኘው ትራውትም እንዲሁ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ስለሆነ፣ ይህ ዓሣ በብዙ አገር በሰው እጅ የተጓዘ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ተማሪ፦ ባለቤቱ ሌክ ትራውት እያለ እንግዶቹን ማምጣት ለምን አስፈለገ?

መምህር፦ ባለቤቱ ጠፍቶ ስለነበር ነው። የናያጋራ ፏፏቴ ከውቅያኖስ የሚመጡ ፍጥረታትን ከላይኞቹ ሐይቆች ሲያግድ የኖረ የተፈጥሮ በር ነበር፤ መርከቦች ፏፏቴውን ዞረው እንዲያልፉ የዌላንድ ቦይ ሲቆፈር ግን በሩ ተከፈተ። በዚያ ከገቡት አንዱ የባሕር ላምፕሬይ ነው፤ ይህ እባብ መሰል ዓሣ መንጋጋ የሌለው ሲሆን፣ ጥርስ በተደረደረበት ክብ አፉ በሌላ ዓሣ ጎን ላይ ተጣብቆ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1936 በሚሺጋን ሐይቅ ታየ፤ ያለ ልክ ከተካሄደው የመረብ ማስገር ጋር ተደርቦም በ1950ዎቹ የሐይቁን ሌክ ትራውት አጠፋው። ትልቁ አዳኝ ሲጠፋ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ የገባው ኤልዋይፍ የተባለ ትንሽ የውቅያኖስ ዓሣ የሚበላው አጥቶ ያለ ልክ ተራባ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የበጋ ወራት በጅምላ ሲሞት ዳርቻዎቹን ሁሉ እስኪሸፍን ድረስ ተከመረ። ሰው ለመርከብ መንገድ ብሎ አንድ በር መክፈቱ፣ በሐይቁ ውስጥ ያለውን ማዕድ በሙሉ አናጋው።

ተማሪ፦ ሳልሞኑ የመጣው ኤልዋይፉን እንዲበላ ነው ማለት ነው?

መምህር፦ እሱም አለበት፤ ሰውን ወደ ሐይቁ ለመመለስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሚሺጋን ክፍለ ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የሆኑት ሃዋርድ ታነር ከኦሪገን የኮሆ እንቁላል አስመጥተው አስፈለፈሉ፤ በ1966 የጸደይ ወራትም ጫጩቶቹ በፕላት ወንዝና በሌላ ገባር ተለቀቁ። ላምፕሬይውም ቢሆን በዚህ ጊዜ እጮቹን በየወንዙ በሚገድል ቲ.ኤፍ.ኤም. በተባለ ኬሚካል መቀነስ ጀምሮ ነበር። ኤልዋይፍ ሞልቶ በተረፈበት ውኃ ሳልሞኑ እጅግ በፍጥነት አደገ፤ በ1967 መስከረም ወር ትላልቅ ኮሆዎች ወደ ፕላት ወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ ወሬውን የሰማ ሁሉ ለኩሬና ለትንንሽ ሐይቅ የተሠራ ጀልባውን በመኪና እየጎተተ ወረደ። በዚያው ወር አንድ ቀን ድንገት በተነሣው ማዕበል ብዙ ጀልባዎች ወደ ዳርቻው ተወረወሩ፤ ሰባት ሰዎችም ሞቱ። በሚሺጋን ሐይቅ ሳልሞንን የማስገር ታሪክ በትንንሽ ጀልባዎች ላይ በደረሰ ሐዘን እንደጀመረ መታወስ አለበት።

ተማሪ፦ ያ ሁሉ ሰው የወጣው በወንዙ አፍ ላይ ነው። ዓሣው ዓመቱን ሙሉ እዚያ አይኖርምና በሌላው ጊዜ ካያክ እንዴት ያገኘዋል?

መምህር፦ ይህ ጥያቄ የዚህ ምልልስ ልብ ነው፤ መልሱም ከውኃው ሙቀት ይጀምራል። በበጋ ፀሐይ የሐይቁን ገጽ ታሞቃለች፤ የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ደግሞ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። በሁለቱ መካከል፣ ጥቂት ሜትር ወረድ በተባለ ቁጥር ሙቀቱ በኃይል የሚቀንስበት ስስ ድንበር ይፈጠራል፤ የሐይቅ ሊቃውንት ይህን ድንበር ቴርሞክላይን ይሉታል። በነሐሴ ወር ከላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ ከድንበሩ በታች ከ6 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ዓሣ የራሱን ሙቀት የማያመነጭ ፍጥረት በመሆኑ የሚስማማውን ውኃ ፈልጎ ይኖራል፤ ቺኑክ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ውኃ ሲዘወተር፣ ሌክ ትራውት ከዚያም የቀዘቀዘውን ይመርጣል። ስለዚህ በበጋ አስጋሪው የሚፈልገው ዓሣውን ሳይሆን ያን ድንበር ነው፤ ድንበሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳርቻ ርቆ፣ 20 እና 30 ሜትር ወርዶ ይገኛል።

ተማሪ፦ ካያክ እዚያ ጥልቀት ማውረድ የሚችለው በምንድን ነው?

መምህር፦ ትልልቆቹ የሞተር ጀልባዎች በሽቦ የተንጠለጠለ ከባድ የብረት ኳስ አውርደው የመንጠቆውን ክር ከእሱ ጋር ያያይዛሉ። በካያክ ላይ የሚበዛው ግን ውስጡ እርሳስ የሆነ ክር ነው፤ ይህ ክር በየ9 ሜትሩ ቀለሙ ስለሚለዋወጥ አስጋሪው ምን ያህል እንደለቀቀ የሚያውቀው ቀለም እየቆጠረ ነው። ትሮሊንግ በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም ጀልባው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር እየሄደ ማጥመጃውን ከኋላው ሲጎትት፣ እያንዳንዱ ቀለም ማጥመጃውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያወርደዋል፤ አሥር ቀለም፣ ማለትም ከ90 ሜትር የሚበልጥ ክር ተለቅቆ የሚደረሰው 15 ሜትር ጥልቀት ነው። ከዚህ የካያኩ ዕጣ ግልጽ ይሆናል፤ እሱ ወደ ዓሣው የሚወርድበት አቅም አነስተኛ ስለሆነ ዓሣው ወደ እሱ መውጣት አለበት።

ተማሪ፦ ዓሣውን ወደ ላይ የሚያወጣው ምንድን ነው?

መምህር፦ ነፋስ ነው። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በኩል፣ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ ሲነፍስ የሞቀውን የላይ ውኃ ወደ መካከል ይገፋዋል፤ የተገፋውን ለመተካትም የጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ከሥር ተስቦ በዳርቻው ይወጣል። ከሰሜን በኩል ዳርቻውን ተከትሎ የሚነፍስ ነፋስም ይህንኑ ያደርጋል፤ በሰሜናዊው የዓለም ክፍል የመሬት መሽከርከር የተንቀሳቀሰውን ውኃ ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብለው፣ ወደ ደቡብ የተነፋው ውኃ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከዳርቻው ይርቃል። በዊስኮንሲን በኩል ባለው ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው የደቡብና የምዕራብ ነፋስ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ትናንት 21 ዲግሪ የነበረው የመዋኛ ዳርቻ በአንድ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ዋናተኞቹ ሲሸሹም ሳልሞኑ ይመጣል፤ ትናንት በ25 ሜትር ጥልቀት የነበረው ዓሣ ከዳርቻ በእግር ጉዞ ርቀት ላይ፣ በስድስትና በስምንት ሜትር ውኃ ውስጥ ይገኛል።

ተማሪ፦ እንዲያ ከሆነ ነገሩ ለካያክ እጅግ የተመቸ ነው። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ዳርቻው ላይ ማዕበል አያስነሣም፤ ውኃው እንደ መስተዋት ይሆናል። ዓሣው ቀርቦ፣ ውኃው ጸጥ ብሎ ሳለ ከዚህ የተሻለ ቀን ከወዴት ይገኛል?

መምህር፦ ወጥመዱ ያለው በዚህ ላይ ነው፤ በቸልታም ሊታለፍ አይገባውም። ማዕበል የሚያድገው ነፋሱ በውኃ ላይ በተጓዘበት ርቀት መጠን ነው። ዳርቻው ላይ ነፋሱ ገና ከየብስ መውረዱ ስለሆነ ውኃው የተኛ ይመስላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ወጣ ሲባል ይሸበሸባል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ማዕበሉ ነጭ አናት ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳ ነው። አስጋሪው ሲወጣ ነፋሱ ከጀርባው ስለሚገፋው ድካም አይሰማውም፤ ዓይኑም በዘንጉ ጫፍ ላይ ስለሚተከል የሄደበትን ርቀት አይለካም። ለመመለስ አፍንጫውን ሲያዞር ግን የገፋው ሁሉ ተቃዋሚ ይሆናል፤ በላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለነፋስ ሸራ ነው። ከሐይቅ ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ ገና በዳርቻው በማዕበሉ ጩኸት ስለሚያስፈራ ሰውን ከመውጣት ያስቀረዋል፤ ከየብስ የሚነፍሰው ግን እየጋበዘ ያወጣዋል።

ተማሪ፦ በጣና ላይም ባለታንኳዎች በማለዳ ወጥተው የቀትሩ ነፋስ ሳይነሣ መመለስን ይመርጣሉ። ነገር ግን የጣና ውኃ የወደቀበትን ሰው አያደነዝዝም።

መምህር፦ በሚሺጋን የተደበቀው ሁለተኛው አደጋ እሱ ነው። ዓሣውን ያቀረበው ቀዝቃዛ ውኃ ሰውን የሚያስር ውኃም ነው። አየሩ 28 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ካያኩ ያለበት ውኃ 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ በሸሚዝ የወጣ ሰው ከወደቀ፣ በሚሆነው ላይ ቀዝቃዛ ውኃን ያጠኑ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚል መለኪያ አበጅተዋል። በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ቅዝቃዜው ትንፋሽን ያስገድዳል፤ ሰውየው ሳይፈልግ አየር ስለሚስብ አፉ ውኃ ውስጥ ካለ ውኃ ይስባል። በሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች ያህል እጅና እግር ይታዘዛሉ፤ ከዚያ ጣቶቹ ማሰሪያ መፍታት፣ ክንዶቹም ሰውነትን ወደ ካያኩ መሳብ ይሳናቸዋል። ብርዱ ራሱን እስኪያስተው ግን አንድ ሰዓት ያህል ይኖረዋል። እንግዲህ ብዙውን ሰው የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ከብርዱ በፊት የሚመጣው አቅም ማጣት ነው፤ ተንሳፋፊው ሰደርያ ገላ ላይ ታስሮ ካልዋለ፣ ከመቀመጫው ኋላ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ለእነዚያ አሥር ደቂቃዎች አይደርስም። ልብስ ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ይለበሳል፤ አንገቱና የእጅ አንጓው በጎማ የተዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ በበጋ ሲለበስ ያልብ ይሆናል፤ ላቡ ግን ቀላሉ ዋጋ ነው። ሬዲዮውም በደረት ላይ እንጂ በሻንጣ ውስጥ አይቀመጥም፤ በቻናል 16 የእርዳታ ጥሪ የሚሰሙት የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ያለ ጥሪ ሊደርሱ አይችሉምና።

ተማሪ፦ ሰው ከካያክ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በማዕበል ነውን?

መምህር፦ ማዕበል ብቻ አይደለም፤ ዓሣውም ይጥላል። የማንኪያ ቅርጽ ያለው የብረት ማጥመጃ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጎተት ግራና ቀኝ ስለሚወዛወዝ፣ በመያዣው ውስጥ የቆመው የዘንግ ጫፍ በእኩል ምት ይርገበገባል። ምቱ በድንገት ተቋርጦ ዘንጉ እስከ ወገቡ ሲጎብጥ ቺኑክ ነክሷል ማለት ነው፤ የክሩ መጠቅለያ እየጮኸ ይለቃል፤ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ወደ ጎን ሲሮጥ የካያኩን አፍንጫ አዙሮ ይከተለው ዘንድ ያስገድደዋል። ይህ ራሱ ለካያክ አስጋሪ የሚበጅ ነው፤ ጀልባው አብሮ ስለሚጎተት ክሩ አይበጠስም፣ ዓሣውም ቶሎ ይደክማል። አደጋው የሚመጣው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው፤ ዓሣው በጎን በኩል ብቅ ሲል፣ በአንድ እጅ ዘንግ፣ በሌላው መረብ የያዘው ሰው ለማየት አንገቱን ያሰግጋል። ሰውነት ራስን ይከተላልና ራሱ ከካያኩ ጠርዝ ባለፈ ጊዜ ሚዛኑ አብሮ ያልፋል። የለመዱት ዘንጉን ከራሳቸው በላይ ወደ ኋላ አዘንብለው፣ ዓሣው ራሱ በመረቡ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ እንጂ መረቡን አሳድደው አይጎነበሱም። መረቡ ወደ ጭን ሲመጣም ሦስት አፍ ያለው መንጠቆ በሚንፈራገጥ ዓሣ አፍ ውስጥ ለእግር በጣም ይቀርባል፤ ባለ አንድ አፍ መንጠቆ የሚመረጠው፣ መንቀያው ጉጠትም በገመድ የሚታሰረው ለዚህ ነው።

ተማሪ፦ በመስከረም በወንዙ አፍ የሚሰበሰቡት ሳልሞኖችስ? እነዚያም በነፋስ የሚመጡ ናቸውን?

መምህር፦ አይደሉም፤ እነዚያን የሚጠራቸው ሽታ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው አርተር ሃስለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኮሆ ጫጩቶችን ሞርፎሊን በተባለ ኬሚካል ጥቂት ጠብታ ባለበት ውኃ ካሳደጉ በኋላ በሚሺጋን ሐይቅ ለቀቋቸው፤ ዓሦቹ ለመራባት በደረሱ ጊዜም ያው ኬሚካል የተጨመረበትን ወንዝ መርጠው ገቡ። ዓሣው የተወለደበትን ውኃ ሽታ በሕፃንነቱ አትሞ እንደሚይዝ የታወቀው እንዲህ ባለ ሙከራ ነው። አንዳንድ የጣና ዓሦችም በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ለመራባት ይወጣሉና፣ ሐይቅን ትቶ ወንዝን የመፈለግ ጉዞ ለጣና አስጋሪ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ኮሆና ቺኑክ አንድ ጊዜ ብቻ ተራብተው መሞታቸው ነው። ሳልሞኑ በሐይቁ መኖሩም ቢሆን ለዘለዓለም የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ በጎረቤቱ ሂውረን ሐይቅ ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ ኤልዋይፍ ሲያልቅ በእሱ ይኖር የነበረው ቺኑክም አብሮ ተመናመነ። በሚሺጋን ሐይቅም ከጥቁር ባሕር አካባቢ በመርከብ የገቡ ትንንሽ ዛጎል ለበሶች የኤልዋይፍ ምግብ መሠረት የሆነውን ከውኃው እያጠለሉ ስለሚበሉት፣ የሚለቀቀው የሳልሞን ጫጩት ቁጥር እንዲቀነስ ተደርጓል።

ተማሪ፦ ወደ ነፋሱ እንመለስና፣ ዓሣው የሚቀርበው በዚያ ነፋስ ከሆነ፣ በዚያ ነፋስ መውጣትም ሞትን መጋበዝ ከሆነ፣ ለካያክ አስጋሪ የቀረለት ቀን የትኛው ነው?

መምህር፦ ማግስቱ ነው። ነፋሱ ሲቆም ሞቃቱ ውኃ በቅጽበት አይመለስም፤ የተገፋው ውኃ ብዙ ነውና ቀዝቃዛው ለተወሰኑ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ በዳርቻው ይቆያል። ስለዚህ አስጋሪው ወደብ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ወደ ሐይቁ ተወጥሮ ሲያይ ካያኩን ከመኪናው ጣራ አያወርድም፤ ወደ ውኃው ወርዶ ቴርሞሜትሩን ይነክራል፣ ያነበበውን ይጽፋል፣ ተመልሶም የሌሊቱን የነፋስ ትንበያ ይከታተላል። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ባንዲራው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቴርሞሜትሩም ገና 11 ዲግሪ እያሳየ ከሆነ፣ ሁለት ቀለም ብቻ ይለቅቃል፣ ዳርቻውን ከዓይኑ ሳያጠፋም ስምንት ሜትር ጥልቀት ባለው መስመር ላይ መቅዘፍ ይጀምራል።